ከግድግዳችን የወረደው የአባቶች ቆጠራ

የቤተ መጻሕፍቱን ደፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገርኩት ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ነው። ወለሉ በሰም የተወለወለ ጣውላ ነበር። እንዲህ ያለ ወለል እስከዚያ ቀን ያየሁት በቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኛ ሴቶች በጫማ አንረግጠውም። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ጫማሽን አድርጊ ልጄ» አሉኝ። «መጽሐፉ እግርሽን አያይም።»

አግዳሚው ላይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። ጫማዬን ለማጥለቅ ጎንበስ አልኩ፤ እዚያው ጎንበስ እንዳልኩ ብቀር ደስ ባለኝ።

ሆሳዕና ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ነበረች። ቤተ መጻሕፍት የምንለውም ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ሦስት መደርደሪያ፣ ሁለት አግዳሚ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት። ቤታችን ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ሆኖም አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አልገባሁበትም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ከእናቴ ጋር ገበያ ቆጮ እሸጥ ነበር። መጽሐፍ የተማሪና የቢሮ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቀን እንኳ በበሩ ፊት ሦስት ጊዜ አልፌ፣ የገባሁት በአራተኛው ነው። ያስገባኝም ጭንቀት ነበር።

ከሁለት ቀን በፊት ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ነበር። የላካቸው አንጋጫ በምትባል ከተማ የሚያስተምር ወጣት ነው። የተዋወቅነው በመዘምራን ጉባኤ ላይ ነበር። ተዋወቅን ማለት እንኳ ይበዛበታል፤ እሱ ሦስት ጥያቄ ጠይቆኝ እኔ ሁለቱን መልሻለሁ። ግን ወድጄው ነበር። ይህን ለእናቴ በአፌ አልነገርኳትም። ሽማግሌዎቹ በመጡበት ጠዋት ግን ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጥቼ እንስራውን ባዶውን ይዤ ስመለስ እሷው አወቀችው።

በእኛ አካባቢ ሰው ከመጋባቱ በፊት አባቶች ይቆጠራሉ። ከሴቷ ወገን አንድ አዋቂ፣ ከወንዱ ወገን አንድ አዋቂ ፊት ለፊት ተቀምጠው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ቆጠራው እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኘ ጋብቻው ይቀራል። እኛ ሀዲያ፣ ልጁ የከምባታ ሰው ስለሆነ ማንም አልሰጋም ነበር። እናቱ ግን የተወለደችው ሞርሲቶ አካባቢ ነው፤ የአባቴም ዘር ከዚያው ነው።

ለእኛ ወገን የሚቆጥሩት የአባቴ አጎት ነበሩ። ከሞርሲቶ መጥተው፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቆጠሩ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ የልጁ እናት ወገኖች የሚጠሩትን ሰው ጠሩ።

ከወዲያ ወገን የመጡት ቆጣሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ እኛ ጋ ስምንተኛ ነው። እናንተ ሁለት ሰው ዘላችኋል።»

«አልዘለልንም» አሉ አጎት። «ልጃችሁ ስለቸኮለ እናንተ ሁለት ጨመራችሁ።»

ተሳሳቁ፤ ነገር ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከሁለቱም የሚበልጡ አዋቂ የነበሩት የሞርሲቶው ትልቁ ቆጣሪ ከሞቱ ቆይተዋል። የሚመሰክር ሰው አልተገኘም። አጎት በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ «እስከ ሁለተኛው ቅዳሜ ምስክር ካመጣችሁ እሰማለሁ። ካልመጣ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው። አለቀ።»

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከቀርከሃው ግርዶሽ ጀርባ ቆሜ ነው። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀመጥም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ «አባትሽ እኮ ጽፎት ነበር» አለች።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ፊደል አስተማሪ ነበር። በሕይወት ሳለ አንድ ክረምት ሙሉ ከሞርሲቶው ትልቅ ቆጣሪ እግር ሥር ተቀምጦ እሳቸው በሀዲይኛ የሚሉትን በአማርኛ ይጽፍ ነበር። በዓመቱ ታሞ ሞተ። እኔ ያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

«የት ነው ያለው?» አልኳት።

«እኔ ፊደል አውቃለሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ መጽሐፍ ቤት ይዞት ይሄድ ነበር። እዚያ ትቶት ይሆናል።»

እንግዲህ ጫማዬን በእጄ ይዤ የገባሁት ለዚህ ነው።

ሰውዬው ከሰሜን የመጡ ናቸው ይባል ነበር። ሁልጊዜ የሚለብሱት አንድ ግራጫ ኮት ነው፤ የመነጽራቸው አንድ ጆሮ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ወደ ጠረጴዛው ተጠግቼ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አልሰማሁሽም።»

ደገምኩት።

«አሁንም አልሰማሁሽም። እዚህ ቤት ዝም የሚባለው ሌላ ሰው ሲያነብ ነው፤ ሲጠይቁ አይደለም።»

በሦስተኛው የአባቴን ስም በግልጽ ተናገርኩ። ሰውዬው ተነሥተው ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ትልቅ መዝገብ አወጡ። የአንባቢዎች መዝገብ ነው፤ የገባ ሁሉ ስሙንና የሚያነበውን ጽፎ ይፈርምበታል። ጣታቸውን እያራሱ ገለጡና መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት።

የአባቴ ስም ነበር። በራሱ እጅ የተጻፈ። ሳምንት ቆይቶ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና፣ ገጽ በገጽ፣ ሁልጊዜ ቅዳሜ። አንድ ቦታ ላይ ስሙን ጽፎ ለሚያነበው መጽሐፍ በተተወው ቦታ «ዛሬ ዝናብ ስለሆነ ለመጠለል» ብሎ ጽፏል። አባቴ ከሞተ በኋላ ስለ እሱ የምሰማው ሁሉ ጥሩ ሰው እንደነበር ብቻ ነው። ከዝናብ ሸሽቶ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው መሆኑን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ አባቴን እንደ አዲስ ያገኘሁት በዚያች መስመር ነው።

ዓይኔ ሲሞላ ሰውዬው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሰዓት መለሱና ይሞሉት ጀመር። በኋላ እንዳወቅሁት ሰዓቱን ጠዋት ሞልተውት ነበር።

«ይሄ መዝገብ ሲያልቅ ጣለው ብለውኝ ነበር» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «የሞላ መዝገብ ምን ያደርጋል አሉኝ። እኔ ግን መጣል አይሆንልኝም። ገበያ ስንሄድ ሚስቴ በርበሬውን ታያለች፤ እኔ በርበሬው የተጠቀለለበትን ወረቀት አያለሁ።» ከጠረጴዛው ሥር የእንጨት ሳጥን ስበው ከፈቱት። የድሮ ደብዳቤ፣ የተቀደደ የትምህርት ቤት ስም መጥሪያ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት፤ ግማሹ የበርበሬ ቀለም ይዟል። «ከዚህ ውስጥ ያስነጠሰኝ ብዙ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ጉዳዬ ተመለሱ። «አባትሽ ጽሑፉን እዚህ አልተወውም። በንጹሁ የገለበጠው ግን እዚህ ነው፣ ያ አግዳሚ ላይ። በተራ ቁጥር፣ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ። ለዚህ ቤት አንድ ቅጂ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ሳይመጣ አረፈ።»

እገሌ እገሌን ወለደ ሲሉ ነገሩ ገባኝ። ወረቀቱን አውቀው ነበር። ሙሉ ዓመት አጠገቡ ተኝቻለሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን እናቴ ሳጥኑን ስትከፍት አይጥ ከዳር ጀምሮ በልቶት አገኘች። ያን ዓመት የሐዘን ልብስ አውልቃ ለመስቀል ቤቱን ስታሳምር፣ እንደ ማንኛውም ሰው የጭቃውን ግድግዳ በጋዜጣ ለጠፈች። ከመኝታችን ራስጌ ላይ ግን የለጠፈችው የአባቴን ወረቀቶች ነው። ማንበብ አትችልም፤ የእጁን ጽሑፍ ግን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ለይታ ታውቃለች። «ሳጥን ውስጥ አይጥ ይበላዋል፤ እዚህ ግን እያየሁት እተኛለሁ» አለች። እኔም ጠዋት ጠዋት ተኝቼ አነበው ነበር። ስሞቹ እንግዳ ስለሆኑብኝ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው የትውልድ ዝርዝር ነው ብዬ አምኜ ነበር። የራሴን አባቶች የሌላ አገር ሰዎች አደረግኋቸው። በሚቀጥለው መስቀል ጭስ ስላጠቆረው በላዩ አዲስ ጋዜጣ ተለጠፈ። በሚቀጥለውም እንዲሁ።

«ወረቀቱን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ ሰውዬው።

«ግድግዳ ላይ ነው።»

«ተሰቅሎ?»

«ተለጥፎ፣ ጋሼ። በላዩም ጋዜጣ አለ። አምስት ድርብ ይሆናል።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። «ተቃጠለ ብትዪኝ ነው የማዝነው። በምን ለጠፋችሁት?»

«በቡላ።» ቡላ ከእንሰት የሚወጣው ነጭ ዱቄት ነው፤ በውሃ ሲፈላ እንደ ሙጫ ይይዛል።

«ቡላ ጥሩ ነው፤ በእንፋሎት ይለቃል። የተጻፈውስ በቀለም ነው ወይስ በእርሳስ?»

«በእርሳስ።»

«ቀለም ቢሆን ታጥቦ ይሄድ ነበር» አሉ። «አባትሽ ሁልጊዜ እርሳስ ነበር የሚበደረኝ። ነፍሱን ይማረው።»

ሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ስለሆነ ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሊያወርዱልን ቤታችን መጡ። ኮታቸውን አልለወጡም፤ በእጃቸው ግን ንጹሕ ነጠላ ጨርቅና ጫፉ የሳሳ የቀርከሃ ስንጣቂ ይዘዋል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው።

«ግድግዳዬን ሊያፈርሱ ነው የመጡት፣ ጋሼ?»

«አላፈርስም፣ እትዬ። ልብሱን ነው የማወልቅለት።»

«ሲያወልቁት ራቁቱን እንዳይቀር።»

«ራቁቱን ከቀረ እኔ ጋዜጣ አመጣለሁ። እኔ ጋ ያለው እሱ ብቻ ነው።»

ማንቆርቆሪያ ጥደን፣ ጨርቁን በእንፋሎቱ እያራስን ግድግዳው ላይ እንደግፍ ጀመር። የመጀመሪያው ጋዜጣ ላይ የጃንሆይ ትልቅ ፎቶ ነበር። እናቴ ያንን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ የንጉሡን ምስል መቅደድ በእሷ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም።

«እሳቸውን እንዳትቀዱብኝ።»

«ጃንሆይን ቀስ ብለን እናወርዳቸዋለን» አሉ ሰውዬው። እውነትም አንድ ሰዓት የሚጠጋ ፈጀን፤ ነገር ግን ፎቶው ሳይቀደድ ወርዶ አልጋው ላይ ተዘረጋ። እናቴ ዳሩን በእጇ አቃናችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ የልብ ልብ አግኝታ ራሷ ጨርቅ ታርስልን ጀመር።

ሥራውን ሰውዬው ለእኔ ተዉልኝ። እንዴት እንደሚያዝ አንዴ አሳዩኝ፤ ስንጣቂውን አስተኝቶ መግፋት፣ ወረቀቱ እምቢ ካለ አለመጎተት፣ እንደገና ጨርቁን መደገፍ። «አትቸኩዪ» ይሉኝ ነበር። «ወረቀት የሚቀደደው ሰው ሲቸኩል ነው።» በቤት ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ዘገምተኛ ነሽ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ዘገምተኛነቴ ለሆነ ነገር ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው።

አምስተኛው ድርብ ሲነሣ የአባቴ እጅ ታየ። ከላይ በኩል አንዱን ጥግ በረሮ በልቶታል። የቀረው አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብለው አዩ፤ ነገር ግን አልነኩትም። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «እኔ እኮ ልጠብቀው ብዬ ነው» አለች።

«ጠብቀሽዋል፣ እትዬ» አሏት። «ከአይጥም፣ ከፀሐይም፣ ከበርበሬ ነጋዴም።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ወረቀቱ በሁለት ካርቶን መካከል ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱን ዘግተው የመጡት ሰውዬ ሊያነቡት ሲነሡ የአባቴ አጎት እጃቸውን አነሡ።

«እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጅቷ ታንብበው። የአባቷን እጅ የምታውቅ እሷ ናት።»

እኔ ከግርዶሹ ጀርባ ነበርኩ። እናቴ ካርቶኑን በግርዶሹ ጎን አሾልካ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ምሰሶው ላይ ደግፌ ያዝኩት። በሹክሹክታ ጀመርኩ። ከወዲያ በኩል፣ «አልሰማንሽም» የሚል ድምፅ መጣ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ነበሩ። እንደዚያ ቀን ጠረጴዛው ፊት የቆምኩ መሰለኝና አነበብኩ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የቤተሰብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አጎት የቆጠሯቸው ናቸው። አራተኛው ላይ አባቴ እንዲህ ጽፏል፦ ዓይነ ስውር ነበር፤ ጦር ይዞ አያውቅም፤ ንብ ያረባ ነበር። አምስተኛው ላይ፦ ገና ጎረምሳ ሳለ በፈንጣጣ ሞተ፤ ልጁ የተወለደው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። የእነዚህን የሁለቱን ስም አጎት አልጠሩም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት እንደገና የታወቁት ናቸው፤ የሚገናኘውም ሰው ስምንተኛው ላይ ቆሟል።

«የዓይነ ስውሩ እናት ማን ትባላለች?» ሲሉ አጎት ጠየቁ። ሊፈትኑኝ ነው። አባቴ ለእያንዳንዱ ሰው የእናቱንም ስም ጠይቆ ጽፎ ነበር። አነበብኩላቸው። ከዚያ እናቴ ወረቀቱን ወስዳ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ሰጠች፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው አንብበው እኔ ያልኩትን ደገሙ።

አጎት ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

«አባቴ ይሄን ሰው ሲዘል በልጅነቴ ሰምቻለሁ» አሉ። «ለምን ትዘለዋለህ ስለው፣ ጦር ያልያዘ ሰው ስሙ ምን ያደርግልሃል አለኝ። ጎረምሳውንም እንዲሁ፤ ቤት ሳይሠራ ሞተ ብለው አይጠሩትም ነበር። እኔም የሰማሁትን ነው የቆጠርኩት።» ከዚያም፣ «ስምንት ነው» አሉ።

ከወዲያ ወገን የመጡት ቆጣሪ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲህ ልጃችን አልቸኮለም ነበር ማለት ነው።»

«ቸኩሏል» አሉ አጎት። «በቆጠራው በኩል ግን አይደለም።»

በዚህ ጊዜ ሁሉም ሳቁ። እኔ ምሰሶውን አቅፌ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለ እነዚያ ሁለት ሰዎች አስባለሁ። አንዱ ማር እየቆረጠ በጨለማ ውስጥ ኖረ፤ ሌላው የልጁን ፊት ሳያይ ሞተ። ጀግና ስላልነበሩ ስማቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ መንገድ ላይ ወደቀ። ዛሬ ይህን የምጽፈው አንጋጫ፣ ባሌ የተማሪ ደብተር በሚያርምበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። እዚህ የተቀመጥኩት በእነሱ ነው። እነሱን የመለሰልኝ ደግሞ አንድ እርሳስ የተበደረ ሰው፣ ማንበብ የማትችል ሴት፣ የሞላ መዝገብ መጣል የማይሆንላቸው ሰውዬ ናቸው። ለሦስቱም ምስጋናዬን በቃል መናገር ስለማልችልበት ነው ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት።

ወረቀቱን ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጠሁት ራሴ ነኝ፤ አባቴ የገባውን ቃል ለመፈጸም። አንድ ቅጂ ለአጎት፣ አንድ ለእኛ ገለበጥኩ፤ በእርሳስ። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብለው ሳጥኑ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ የአንባቢዎችን መዝገብ ገልጠው ብዕር ሰጡኝ። ስሜን ጻፍኩ። ለማነበው መጽሐፍ በተተወው ቦታ ምን እንደምጽፍ ስጠይቃቸው፣ «የመጣሽበትን» አሉኝ። «አባቴን ለማድረስ» ብዬ ጻፍኩ።

ባለፈው መስቀል እናቴን ልጠይቅ ሆሳዕና ሄጄ ነበር። እንደ ድሮው ቡላ አፍልታ፣ ጋዜጣ ከምራ ጠበቀችኝ። እኔ ልለጥፍ አንዱን ሳነሣ ያዘችኝ።

«መጀመሪያ አንብቢው። ሰው ካለበት አንለጥፈውም።»

አንብቤ አንብቤ ደከመኝ፤ ሰው የሌለበት ጋዜጣ የለም። ነገርኳት። እሷም ክምሩን ሰብስባ አልጋው ሥር አስገባችው። ያን መስቀል ግማሹ ግድግዳ ጭቃው እየታየ እንግዳ ተቀበልንበት።